የቄስ ቤንጃሚን ሁክስ ሕይወትና ዕረፍት

ታሪክ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ነገሥታት የነገሡበትን፣ ጦርነት የተደረገበትንና ውል የተፈረመበትን ዘመን ነው። ይህ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ሙሉ አይደለም። አንድ አገር እንዴት እንደ ተለወጠ በደንብ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው፣ በዚያ አገር የኖረውን የአንድን ሰው ሕይወት ከልጅነት እስከ ዕረፍት ቢከታተል ብዙ ነገር ይገለጥለታል። እኛም በዚህ በትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ላይ ለመጻፍ ዕድል ባገኘን ጊዜ የመረጥነው ይህን መንገድ ነው። የምንተርከውም በአሜሪካ አገር ተወልደው፣ ወታደርም ጠበቃም ዳኛም ሆነው፣ ከሁሉም ይልቅ የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ቄስ ሆነው፣ 85 ዓመት ኖረው ስላረፉት ስለ ቤንጃሚን ላውሰን ሁክስ ነው። በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢያችን ይወቅልን።

ቄስ ሁክስን የመረጥንበት ምክንያት አንድ ጥያቄ ነው። እኒህ ሰው የአገራቸውን የጦር ልብስ ለብሰው በዘብነት ሲቆሙ፣ የሚጠብቋቸው ምርኮኞች የሚገቡበት ምግብ ቤት እርሳቸውን አያስገባም ነበር። ይህን የመሰለ ውርደት የደረሰበት ሰው ሁለት መንገድ ብቻ ያለው ይመስላል፤ ወይ አንገቱን ደፍቶ መኖር፣ ወይ አገሩን ጠልቶ መሄድ። ቄስ ሁክስ ግን ከሁለቱ አንዱንም አልመረጡም። ሦስተኛውን መንገድ እንዴት እንዳገኙትና እስከ መጨረሻውም እንዴት እንደ ሄዱበት ለማሳየት እንሞክራለን።

ቤንጃሚን ሁክስ ጃንዋሪ 31 ቀን 1925 በቴነሲ ግዛት በሜምፊስ ከተማ ተወለዱ። ሜምፊስ በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር የተቈረቈረች፣ በጥጥ ንግድ የታወቀች ከተማ ናት። አባታቸው ሮበርት ሁክስ፣ እናታቸው ቤሲ ሁክስ ይባሉ ነበር፤ ቤንጃሚንም ከሰባት ልጆች አምስተኛው ነበሩ። አባታቸው ከወንድማቸው ጋራ ሆነው በ1907 ያቋቋሙት ፎቶግራፍ ቤት ነበራቸውና፣ የከተማው ጥቍር ሕዝብ ሠርጉንም ምረቃውንም የሚያስነሣው በዚያ ነበር። ስለዚህ የቤተ ሰቡ ኑሮ በጊዜው ከነበረው የጥቍሮች ኑሮ ጋራ ሲመዛዘን ደኅና የሚባል ነበር። ሆኖም ልጆቹ የታላላቆቻቸውን ልብስ እየተቀበሉ ይለብሱ እንደ ነበረና እናታቸው እያንዳንዷን ዶላር አብቃቅተው ቤት ያስተዳድሩ እንደ ነበረ ቄስ ሁክስ በኋላ ዘመን ተናግረዋል።

በዚህ ቤተ ሰብ ውስጥ ከሁሉ በላይ ስማቸው የሚነሣው አያታቸው ወይዘሮ ጁሊያ ብሪተን ሁክስ ናቸው። እኒህ ሴት በ1852 የተወለዱ ሲሆኑ፣ ነጭና ጥቍር አብረው ይማሩበት በነበረው በኬንተኪ በሚገኘው በቤሪያ ኮሌጅ ተምረው፣ በዚያው ኮሌጅ ሙዚቃ አስተምረዋል። የባርነት ሥርዓት ከጠፋ ገና ጥቂት ዓመት ሲሆነው አንዲት ጥቍር ሴት ነጮችን ማስተማሯ እጅግ የሚያስደንቅ ነገር ነበር። ወደ ሜምፊስ ከመጡ በኋላም በ1881 በቲያትር ቤት ለነጮች ብቻ ከተከለለው ስፍራ አትቀመጪም ቢባሉ እንቢ በማለታቸው ተይዘው ተከሰሱ። ለሽማግሌዎችና ለወላጅ አልባ ልጆች መጠጊያ ቤት አቋቋሙ፤ በሜምፊስ ከተማም የቀለም ሕዝብ እድገት ብሔራዊ ማኅበር ቅርንጫፍ ሲመሠረት ከመሥራቾቹ አንዷ ሆኑ። ወይዘሮ ጁሊያ በ1942 ሲያርፉ የልጅ ልጃቸው የ17 ዓመት ወጣት ነበሩ። ያ ወጣት ከ35 ዓመት በኋላ የዚያው ማኅበር የበላይ መሪ ይሆናል ብሎ የጠረጠረ አልነበረም።

ቤንጃሚን ያደጉበትን ዘመን ለመረዳት ስለ አገሩ ሕግ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1896 በሰጠው ፍርድ፣ ለነጭና ለጥቍር የተለያየ ስፍራ ማዘጋጀት ስፍራው እኩል እስከ ሆነ ድረስ ሕገ ወጥ አይደለም ብሎ ነበር። በዚህ ፍርድ ተመርኵዘው የደቡብ ግዛቶች ትምህርት ቤቱን፣ ባቡሩን፣ ሆስፒታሉን፣ የውሃ መጠጫውን ሳይቀር ለሁለት ከፈሉት። መለየቱ በትክክል ተፈጸመ፤ እኩልነቱ ግን በወረቀት ላይ ቀረ። ጥቍር መንገደኛ በመንገድ ዳር ካለው ምግብ ቤት ገብቶ ትኵስ ምግብ መብላት፣ ከሽንት ቤትም መግባት አይፈቀድለትም። ቄስ ሁክስ በሸመገሉ ጊዜ ስለዚህ ሲናገሩ፣ በጕዞ ላይ ቀዝቃዛ ምግብ መብላትና ሽንት ቤት መከልከል በጤናቸው ላይ ጕዳት እንዳደረሰ ገልጸዋል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም እንደሚባለው፣ ሕጉ ከተሻረ በኋላም ቍስሉ በአካላቸው ላይ ቀርቶ ነበር።

ቤንጃሚን ገና በወጣትነታቸው የስብከት አገልግሎት በልባቸው አድሮ ነበር። ነገር ግን አባታቸው ይህን ሐሳብ አልወደዱትም። ልጅም የአባቱን ፈቃድ አክብሮ ሐሳቡን ለጊዜው በልቡ ያዘ። በከተማቸው ከሚገኘው ከቡከር ቲ. ዋሽንግተን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከወጡ በኋላ በ1941 ሌሞይን ኮሌጅ ገቡ። ይህ ኮሌጅ፣ በጊዜው እንደ ነበሩት እንደ ብዙዎቹ የጥቍሮች ትምህርት ቤቶች፣ በሚሲዮን ማኅበር የተመሠረተ ነበር። መንግሥት ያላስተማራቸውን ልጆች ሚሲዮኖች ማስተማራቸው ምን ያህል ፍሬ እንዳፈራ እኛ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግን ተማሪዎች በቀላሉ ልንገነዘበው እንችላለን።

ከሌሞይን ወደ ዋሽንግተን ከተማ ሄደው በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ትምህርታቸውን በ1944 ፈጸሙ። የሃዋርድ ስም ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። ዶክተር መላኩ በያን የሕክምና ትምህርታቸውን የጨረሱት በዚያ ነበር፤ ኢጣልያ አገራችንን በወረረች ጊዜም በአሜሪካ የሚኖሩትን ጥቍሮች ለኢትዮጵያ ርዳታ ያስተባበሩ እርሳቸው ናቸው። ወረራው በ1935 ሲጀመር በሺህ የሚቈጠሩ ጥቍር አሜሪካውያን በኒው ዮርክና በቺካጎ ተሰብስበው ስለ ኢትዮጵያ ጮኹ፤ ገንዘብም አዋጡ። ቤንጃሚን ያን ጊዜ የ10 ዓመት ልጅ ነበሩ።

በ1944 ትምህርታቸውን እንደ ጨረሱ የአሜሪካ ጦር ሠራዊት ወታደር ሆኑ። በዚያን ጊዜ በሰሜን አፍሪካና በሲሲሊ ጦርነት ከተማረኩት የኢጣልያ ወታደሮች ወደ 50 ሺህ የሚሆኑት በመርከብ ወደ አሜሪካ ተወስደው በየግዛቱ በተሠሩ ካምፖች ይኖሩ ነበር። ወጣቱ ሁክስም በጆርጂያ ግዛት እነዚህን ምርኮኞች እንዲጠብቁ ታዘዙ። ኢጣልያ በሴፕቴምበር 1943 እጅዋን ሰጥታ በኦክቶበር ከጀርመን ጋራ ጦርነት ስላወጀች፣ የምርኮኞቹ አያያዝ እየላላ ሄዶ ነበር። በ1944 ብዙዎቹ ለአሜሪካ ጦር ሥራ ለመሥራት ፈቅደው በአገልግሎት ክፍሎች ተመደቡ፤ ከካምፕ እየወጡም ከተማ እንዲጐበኙ ተፈቀደላቸው። በዚህ ምክንያት ምርኮኛው ነጭ በመሆኑ ከምግብ ቤት ገብቶ ይበላል፤ ጠባቂው ግን ጥቍር በመሆኑ ከዚያው ምግብ ቤት ደጃፍ ይመለሳል።

ይህን ነገር ቆም ብለን እንመልከተው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የፋሽስት ሠራዊት በመርዝ ጢስና በአውሮፕላን የኢትዮጵያን ሕዝብ ሲፈጅ፣ የዚያ ሠራዊት ሹማምንት የነጭ ዘር የበላይነትን ይሰብኩ ነበር። አሜሪካ ይህን ትምህርት ለመዋጋት ልጆችዋን ወደ ጦር ሜዳ ላከች። ነገር ግን በገዛ ምድርዋ፣ ጠላት የነበረው ሰው ከወታደርዋ የበለጠ መብት ነበረው። ምርኮኞቹ መልካም መያዛቸውን አንነቅፍም፤ ምርኮኛን ማክበር የሠለጠነ ሕዝብ ሥራ ነውና። ነውሩ ለምርኮኛው መሰጠቱ ሳይሆን ለዘቡ መከልከሉ ነበር። ቤንጃሚን ሁክስ ይህን ውርደት ዕድሜ ልካቸውን አልረሱትም፤ ጠበቃ ለመሆንና ልዩነትን ለመዋጋት ያነሣሣቸውም ይህ እንደ ነበረ ይነገራል።

ጦርነቱ ካለቀ በኋላ በስታፍ ሰርጀንት ማዕረግ ከሠራዊቱ ተሰናበቱ። በ1944 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ከጦር ለተመለሱ ወታደሮች የትምህርት ወጪ ይከፍል ነበርና፣ ሁክስ በዚህ ተጠቅመው ሕግ ለማጥናት አሰቡ። ነገር ግን በተወለዱበት በቴነሲ ግዛት ጥቍር ተማሪ የሚቀበል የሕግ ትምህርት ቤት አልተገኘም። መንግሥት ገንዘቡን ይሰጣል፤ ግዛቱ በሩን ይዘጋል። ስለዚህ ወደ ሰሜን ወደ ቺካጎ ሄደው፣ ካቶሊኮች ባቋቋሙት በዲፖል ዩኒቨርሲቲ ተምረው በ1948 የሕግ ዲግሪ ተቀበሉ። በዚያው ዓመት በጁላይ 26 ቀን ፕሬዚዳንት ትሩማን በሠራዊቱ ውስጥ በዘር መለያየት እንዲቀር አዘዙ።

በቺካጎ መኖር ለአንድ ጥቍር ጠበቃ ይሻል ነበር። ሁክስ ግን የተሻለውን ስፍራ ትተው ወደ ሜምፊስ ተመለሱ። በቴነሲ ያለውን መለያየት ለማጥፋት የሚቻለው በቴነሲ ሆኖ ነው ብለው ወሰኑ። የተቀበላቸው ግን ክብር አልነበረም። የፍርድ ቤት ጸሐፊዎች ይሰድቧቸው ነበር፤ የነጭ ጠበቆች ማኅበር አባል አያደርጋቸውም፤ በችሎት ላይም በአባታቸው ስም ከመጠራት ይልቅ «ልጅ» ተብለው ይጠሩ ነበር። ዲግሪ የያዘ፣ በጦር ያገለገለ፣ ጐልማሳ ሰው በአደባባይ እንደ አሽከር ሲጠራ ታግሦ ስለ ደንበኛው መከራከር ምን ያህል ልብ እንደሚጠይቅ መገመት አያዳግትም። ቢቈጡ ደንበኛቸው ይጐዳል፤ ዝም ቢሉ ክብራቸው ይነካል። እርሳቸው የመረጡት ነገሩን በሕግ መልስ መስጠት ነበር።

በዚህ ጊዜ የሳይንስ አስተማሪ ከነበሩት ከፍራንሲስ ዳንሲ ጋራ ተዋውቀው ተጋቡ። ወይዘሮ ፍራንሲስ እስከ መጨረሻው ድረስ ረዳታቸው፣ ጸሐፊያቸውና አማካሪያቸው ሆነው ከቦታ ቦታ አብረዋቸው ተጕዘዋል። ጠበቃ ሁክስ በ1954 ለግዛቱ ምክር ቤት ተወዳድረው አልተመረጡም። በ1959ና በ1963 ለወጣት ጥፋተኞች ፍርድ ቤት ዳኝነት ተወዳድረው እንደ ገና ተሸነፉ። ሦስት ጊዜ መሸነፍ ብዙ ሰው ተስፋ ያስቈርጣል። ይሁን እንጂ በእያንዳንዱ ምርጫ የጥቍሮች መራጮች ቍጥር እየጨመረ፣ ነጮችም ጥቍር ዕጩ ማየት እየለመዱ ሄዱ። ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው የአባቶቻችን ምሳሌ ለዚህ የተስማማ ነው።

በልጅነት በልባቸው ያደረው የስብከት ጥሪም አልጠፋም ነበር። በ1956 የቅስና ማዕረግ ተቀብለው በሜምፊስ በግሬተር ሚድል ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን መስበክ ጀመሩ። ከዚያ በኋላ ቀን ቀን በፍርድ ቤት፣ እሑድ እሑድ በቤተ ክርስቲያን ሆኑ። በባፕቲስቶች ሥርዓት እያንዳንዱ ምእመናን ቄሱን ራሱ ይመርጣል፤ ደመወዙንም ራሱ ይከፍላል። ስለዚህ በደቡብ አሜሪካ የጥቍሮች ቤተ ክርስቲያን ነጭ አሠሪ ሊያባርረው የማይችለው መሪ የሚገኝበት ስፍራ ነበረች። ከነጻነቱ ትግል መሪዎች ብዙዎቹ ባፕቲስት ቄሶች የሆኑበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግና ጓደኞቻቸው በ1957 የደቡብ ክርስቲያን መሪዎች ጉባኤን ሲመሠርቱ ቄስ ሁክስም አብረዋቸው ሠሩ። በ1964 ደግሞ በዲትሮይት ከተማ የግሬተር ኒው ማውንት ሞራያ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን መጋቢ ሆኑ፤ በሁለቱ ከተሞች መካከልም በአውሮፕላን እየተመላለሱ ሁለቱንም ምእመናን አገለገሉ።

በዚያን ዘመን የሜምፊስ ዋና ቤተ መጻሕፍት ለጥቍር አንባቢዎች ዝግ ነበር። በማርች 1960 ጥቍር የኮሌጅ ተማሪዎች ከዚያ ገብተው በጸጥታ ተቀመጡ። ፖሊስም መጥቶ አሰራቸው። የታሰሩበት ጥፋት መጽሐፍ ለማንበብ መፈለጋቸው ነበር። ሕዝቡ ተነሥቶ ተቃወመ፤ በዚያው ዓመትም ቤተ መጻሕፍቱ ለሁሉ ተከፈተ። ቄስ ሁክስ በከተማው የተደረጉትን እነዚህን የመቀመጥ ትግሎችና ለጥቍር ክብር በማይሰጡ ነጋዴዎች ላይ የተደረጉትን ያለመገበያየት አድማዎች ይደግፉና ይካፈሉ ነበር። ይህን የቤተ መጻሕፍት ነገር አንባቢያችን እንዲይዝልን እንለምናለን፤ ኋላ እንመለስበታለንና።

በ1965 የቴነሲ አገረ ገዥ ፍራንክ ክሌመንት ቄስ ሁክስን የሼልቢ አውራጃ የወንጀል ፍርድ ቤት ዳኛ አድርገው ሾሟቸው። በቴነሲ ታሪክ ጥቍር ሰው በወንጀል ችሎት ላይ ዳኛ ሆኖ ሲቀመጥ ይህ የመጀመሪያው ነው። በሚቀጥለው ዓመት ሹመቱ በሕዝብ ምርጫ ጸና። ትናንት በችሎት ፊት «ልጅ» ይባሉ የነበሩት ሰው ወደ ችሎቱ ሲገቡ ጠበቆችና ጸሐፊዎች ሁሉ ብድግ ይሉ ጀመር። ይህ ለውጥ የመጣው በአሥራ ስድስት ዓመት ውስጥ ነው።

ይሁን እንጂ ሜምፊስ ገና ሰላም አላገኘችም ነበር። በፌብሩዋሪ 1968 ሁለት ጥቍር የጽዳት ሠራተኞች በቈሻሻ መኪና መጭመቂያ ተጨፍልቀው ሞቱ፤ 1,300 ያህል ባልደረቦቻቸውም ሥራ አቆሙ። ሰልፈኞቹ ሰው መሆናቸውን የሚናገር ጽሑፍ በደረታቸው ላይ አንጠልጥለው በየቀኑ በጐዳና ተመላለሱ። ዶክተር ኪንግ እነርሱን ለመርዳት መጥተው በኤፕሪል 4 ቀን 1968 በሎሬን ሞቴል በጥይት ተገደሉ። ቄስ ሁክስ በገዛ ከተማቸው ወዳጃቸውንና የትግል መሪያቸውን አጡ። ብዙ ወጣቶች በሕግ መንገድ ተስፋ ቈርጠው በየከተማው እሳት ሲለኵሱ እርሳቸው በሕጉም በስብከቱም ጸኑ።

በ1972 ፕሬዚዳንት ኒክሰን ቄስ ሁክስን ለፌዴራል መገናኛ ኮሚሽን አባልነት ሾሙ። ይህ ሰባት አባሎች የነበሩት ኮሚሽን የሬዲዮና የቴሌቪዥን ጣቢያዎችን ፈቃድ የሚሰጥና የሚቈጣጠር ነው፤ ከዚያ በፊት ጥቍር አባል ኖሮት አያውቅም። በዚያን ጊዜ ጣቢያ ያላቸው ጥቍሮች እጅግ ጥቂት ነበሩ፤ በማስታወቂያውና በድራማው የሚታየው የጥቍር ሰው መልክም ብዙ ጊዜ የሚያሳፍር ነበር። ቄስ ሁክስ ጥቍሮች የጣቢያ ባለቤት እንዲሆኑና በጣቢያዎቹም ሥራ እንዲያገኙ ታገሉ። ነገሩን የተመለከቱት በዚህ መልክ ነበር፦ አንድ ሕዝብ የገዛ ወሬውን ሌላ ሰው ብቻ የሚያወራለት ከሆነ፣ በሕግ ነጻ ቢወጣም በሰው ዐይን ነጻ አይወጣም።

በ1977 ከመንግሥት ሥራ ወጥተው የቀለም ሕዝብ እድገት ብሔራዊ ማኅበር ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። ይህ ማኅበር በ1909 የተመሠረተ፣ በአሜሪካ ለጥቍሮች መብት ከሚታገሉት ሁሉ ዕድሜ ጠገቡ ነው። ከእርሳቸው በፊት የነበሩት ሮይ ዊልኪንስ ከ1955 ጀምረው ከባዱን ዘመን መርተውት ነበር። ቄስ ሁክስ የተረከቡት ግን ከቀድሞው በሌላ መንገድ የሚከብድ ሥራ ነው። የቀድሞው ጠላት በግልጽ ይታይ ነበር፤ «ለነጮች ብቻ» የሚል ጽሑፍ ነበር። አሁን ጽሑፉ ወርዷል፤ ሥራ ማጣቱ፣ የትምህርት ቤቶች ድክመትና ድኽነቱ ግን አልወረዱም። በዓይን የማይታይን በደል ለሰው ማስረዳት ከሚታየው ይልቅ አስቸጋሪ ነው።

በአሥራ አምስት ዓመት አመራራቸው ብዙ ሥራ ሠሩ። ማኅበሩ የደቡብ አፍሪካን የዘር መለያየት መንግሥት ተቃወመ፤ በ1986 ዋና ጽሕፈት ቤቱን ከኒው ዮርክ ወደ ባልቲሞር አዛወረ። በኦገስት 1989 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የጥቍሮችን የሥራ መብት የሚያደክሙ ፍርዶች በሰጠ ጊዜ፣ በብዙ ሺህ የሚቈጠር ሕዝብ በዋሽንግተን ጐዳና ያለ ድምፅ እንዲሰለፍ አደረጉ። ይህም በ1917 በኒው ዮርክ ወደ 10 ሺህ የሚሆኑ ጥቍሮች ያደረጉትን የዝምታ ሰልፍ የሚያስታውስ ነበር። ለእኛ ለተማሪዎች ይበልጥ ደስ የሚለን ግን፣ ከ1978 ጀምሮ ማኅበሩ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሳይንስ፣ የሥነ ጽሑፍና የኪነ ጥበብ ውድድር ማዘጋጀቱ ነው። ሐሳቡን ያመነጩት ቨርነን ጃሬት የተባሉ ጋዜጠኛ ናቸው፤ ዓላማውም የሩጫና የኳስ አሸናፊ እንደሚወደስ ሁሉ የትምህርት አሸናፊም በአደባባይ እንዲወደስ ነበር።

ስለ መልካሙ ብቻ መጻፍ ታሪክ አይሆንምና ጭቅጭቁንም እንጠቅሳለን። በ1983 ከማኅበሩ የቦርድ ሊቀ መንበር ጋራ ተጋጭተው ከሥራቸው ታገዱ፤ ነገር ግን የቦርዱ አባሎች ብዙ ሳይቈዩ ወደ ሥራቸው መለሷቸው። ማኅበሩ አርጅቷል፣ የወጣቱን ልብ አያውቅም፣ አካሄዱም ዘገምተኛ ነው የሚሉ ሰዎችም ነበሩ። ይህ ነቀፋ ከእውነት የራቀ ነው ለማለት አንደፍርም። ሆኖም በሕግ መንገድ የሚሄድ ሰው ሁልጊዜ ዘገምተኛ ይመስላል፤ የቆመውን ሥራ ስንመለከት ግን ፈጣኑ ያፈረሰውን ዘገምተኛው ሲሠራው እናያለን።

አደጋውም አልራቀም ነበር። በዲሴምበር 1989 በፖስታ የተላኩ ቦምቦች በአላባማ አንድ የፌዴራል ዳኛ፣ በጆርጂያም የሲቪል መብት ጠበቃ የነበሩ አንድ ጥቍር ሰው ገደሉ። ሌላው ቦምብ የተላከው በፍሎሪዳ ወደሚገኘው የማኅበሩ ቅርንጫፍ ነበር፤ ሳይፈነዳ ተገኘ። ከጦር ሜዳ ከተመለሱ ከ40 ዓመት በላይ ሆኗቸው፣ አሁንም ቄስ ሁክስና ባልደረቦቻቸው ፖስታ ሲከፍቱ መጠንቀቅ አስፈለጋቸው። እርሳቸው ግን ሥራቸውን አላቋረጡም።

በ1992 ማኅበሩን ለተተኪ አስረክበው ወደ ሜምፊስ ተመለሱ። ማረፍ ሲገባቸው እንደ ገና አስተማሪ ሆኑ፤ በ1956 መስበክ በጀመሩበት በግሬተር ሚድል ቤተ ክርስቲያንም እንደ ገና ሰበኩ። በ1996 የሜምፊስ ዩኒቨርሲቲ በስማቸው የማኅበራዊ ለውጥ ጥናት ተቋም አቋቋመ። ዶክተር ኪንግ የተገደሉበት ሞቴል የሲቪል መብት ብሔራዊ ቤተ መዘክር ሆኖ ነበርና በዚያም ቦርድ አገለገሉ። በማርች 2001 ከወይዘሮ ፍራንሲስ ጋራ ሃምሳ ዓመት ሊሞላው የተቃረበውን የጋብቻ ቃል ኪዳናቸውን በዚያችው ቤተ ክርስቲያን አደሱ። በኖቬምበር 2007 ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ ለሲቪል ሰው የሚሰጠውን ከፍተኛውን የፕሬዚዳንቱን የነጻነት ሜዳይ ሸለሟቸው።

ከእነዚህ ክብሮች ሁሉ ግን እኛን ይበልጥ የነካን በ2005 የሆነው ነው። የሜምፊስ ከተማ ዋና ቤተ መጻሕፍት በቤንጃሚን ሁክስ ስም ተሰየመ። ጥቍር ተማሪዎች ለማንበብ ቢገቡ ይታሰሩበት ከነበረ 45 ዓመት ሆኗል። ሕንጻው አዲስ ነው፤ ከተማው ግን ያው ነው። በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ዝግ የነበረው በር ተከፍቶ፣ በደጃፉ ላይ የዚያው ሰው ስም ተጻፈ። ከዚህ የበለጠ ሐውልት አለ ለማለት ያዳግታል።

ቄስ ቤንጃሚን ሁክስ ረዥም ጊዜ ታመው ኤፕሪል 15 ቀን 2010 በሜምፊስ በቤታቸው ዐረፉ። በዚያን ጊዜ በዋሽንግተን በፕሬዚዳንትነት መንበር ላይ የነበሩት ባራክ ኦባማ ናቸው። በወጣትነታቸው ከምርኮኛ በታች የተቈጠሩት አረጋዊ፣ ጥቍር ሰው የአሜሪካ ሠራዊት ሁሉ የበላይ አዛዥ ሆኖ ካዩ በኋላ ተሰናበቱ። የሞቱትም በሩቅ አገር አይደለም፤ በተወለዱበት፣ በተሰደቡበት፣ በዳኙበትና በሰበኩበት ከተማ ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄያችን እንመለስ። አገሩ ያዋረደችው ሰው አገሩን እንዴት ሊያገለግል ይችላል? የቄስ ሁክስ ሕይወት የሚሰጠን መልስ ይህ ይመስለናል። አገርና በአገር ላይ የሚሠራ በደል አንድ አይደሉም። በደሉን የሚጠላ ሰው አገሩን መጥላት አያስፈልገውም፤ ይልቁንም በደሉን ከአገሩ ላይ ለማራቅ መድከም አለበት። ለዚህም ቍጣ ብቻ አይበቃም። ጠበቃ ለመሆን መማር፣ ለመማር መሰደድ፣ ተሰድዶም መመለስ ያስፈልጋል። እርሳቸው ከቺካጎ ባይመለሱ ኖሮ ምናልባት ኑሯቸው የተመቸ ይሆን ነበር፤ የቴነሲ ችሎት ግን ጥቍር ዳኛ ለማየት ከዚያም በላይ በዘገየ ነበር።

ውድ የትምህርት ቤታችን ጓደኞች ሆይ፤ በዚህ ዓመት ትምህርታችንን ፈጽመን የምንወጣ ብዙዎች ነን። ከመካከላችን ወደ ሌላ ከተማ፣ ወደ ሌላ አገርም የሚሄድ ይኖራል። ሂዱ፤ ተማሩ፤ ነገር ግን የተማራችሁበትን ምክንያት አትርሱ። በየሰፈራችን ገና ያልተከፈቱ በሮች አሉ፤ ገና በስማቸው ያልተጠሩ ሰዎች አሉ። ድኻውን በስሙና በአባቱ ስም መጥራት፣ ደካማውን በፍርድ ፊት መርዳት፣ ለልጆች መጽሐፍ ማድረስ ዛሬውኑ የምንጀምረው ሥራ ነው። ለቄስ ሁክስ ዕረፍታቸውን ያሳምርልን፤ ለእኛም የእርሳቸውን ያህል ጽናት ይስጠን።